«ደም እንጂ እባብ አይደለም!»
የስፖርት ሕክምናን ከት/ቤት ሜዳ እንጀምር

(ይህ ጽሑፍ መርካቶ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የክፍሎች የእግር ኳስ ውድድር በተከፈተበት ዕለት አንድ የስፖርት ሕክምና ባለሙያ ለተማሪዎች ያደረጉት ንግግር ነው።)



ውድድሩ እስኪጀመር እንደቸኮላችሁ ከፊታችሁ ይታያል። እኔም ኳስ ወዳድ ነኝና ብዙ አላቆያችሁም።

እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝ። ያደግኩት አመዴ ገበያ አካባቢ ነው። ኳስ የጀመርኩት በጨርቅ ኳስ፣ ዕቃ በሚያራግፉ መኪናዎች መሃል ነው። ዛሬ ሥራዬ ሜዳ ዳር መቀመጥ ነው። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ አንጠልጥሎ የሚሮጠውን ሰውዬ ታውቁታላችሁ አይደል? ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። ተመልካቹ «ወጌሻ! ወጌሻ!» እያለ ይጠራኛል። የጤና ትምህርት ተምሬ የመጣሁ ብሆንም ስሙ አያስከፋኝም። አያቶቻችን ወለምታና ውልቃት ሲደርስባቸው የሚሮጡት ወደ ወጌሻ ነበር፤ እኛም ቃሉን ወደ ኳስ ሜዳ ይዘነው መጣን።

ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ ከሰዓት በዚህ ሜዳ ላይ አንድ ልጅ ቢወድቅ፣ አጠገቡ ማን ነው ያለው? ዶክተር ነው? አይደለም። አምቡላንስ ነው? እሱም አይደለም። አጠገቡ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ነው፦ የስፖርት ሕክምና እና የሜዳ ላይ የመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት እስከ ዩኒቨርሲቲ የሚጠበቅ ሳይሆን እናንተ ባላችሁበት ክፍል መጀመር ያለበት ስለመሆኑ።

የማልረሳው ጨዋታ

በ1995 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አብሮኝ የሚጫወት አንድ የክፍል ጓደኛ ነበረኝ፤ ስሙን አልናገርም። እናትና አባቱን በተከታታይ ዓመታት አጥቶ ከአክስቱ ጋር ይኖር ነበር። በዚያ ዘመን ወላጆቹን ያጣ ልጅ ከኋላው ሹክሹክታ ይከተለዋል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት እንኳ አልተጀመረም፤ የተጀመረው በጥር ወር 1997 ዓ.ም. ነው።

አንድ ቀን በጨዋታ ላይ ኳስ በጭንቅላቱ ሊመታ ሲዘል ከተከላካይ ጋር ተጋጨና ቅንድቡ ተሰነጠቀ። ቅንድብ ሲሰነጠቅ ቁስሉ ትንሽ፣ ደሙ ግን ብዙ ነው። ሁላችንም ሮጠን ደረስን። ከዚያም ቆምን። አንዱ «እንዳትነኩት!» አለ። ክብ ሠርተን ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግን። ልጁ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ በመዳፉ ግንባሩን ይዞ፣ ደሙ በጣቶቹ መሃል እየወረደ አንድ በአንድ አየን። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ቁስሉ አሞት ያለቀሰ አልመሰለኝም።

ከሜዳው ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት እናት ነበረች። ብድግ ብላ መጣች። ሁለት ፌስታል እጆቿ ላይ አጠለቀች፤ የነጠላዋን ጫፍ አጣጥፋ ቅንድቡ ላይ ጫን አድርጋ ያዘች። «አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ» አለችው። ቀጥላ ወደኛ ዞር ብላ «ምን ትገተራላችሁ? ደም እንጂ እባብ አይደለም!» አለችን።

ደሙ ቆመ። ልጁ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ኳስ አልተጫወተም። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ት/ቤቱንም ለቀቀ። ቫይረሱ በደሙ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገኝም ነበር። ወደ ኋላ ካፈገፈጉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ውድ ተማሪዎች፤ ክፉ ልጆች ስለነበርን አይደለም። የኤች አይ ቪን መተላለፊያ መንገዶች ፈተና ላይ ብንጠየቅ ሁላችንም እንመልሳለን። ያላወቅነው በእጃችን ምን እንደምንሠራበት ነው። ያቺ እናት ፈተናውን አልተፈተነችም፤ እጇን ግን ምን እንደምታደርገው ታውቅ ነበር። የመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት ማለት ለእኔ ይሄ ነው፦ ፍርሃትን ወደ ሥራ መለወጥ።

ደም ሁሉ እኩል ነው

የስፖርት ሕክምና የመጀመሪያው ሕግ እንዲህ ይላል፦ የማንንም ሰው ደም እንደ ማንኛውም ሰው ደም ያዙት። የሻምፒዮኑን፣ የጓደኛችሁን፣ የማታውቁትን ሰው ደም ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ። ምክንያቱም ቫይረስ በመልክ አይታወቅም። ደግሞም በደም የሚተላለፈው ኤች አይ ቪ ብቻ አይደለም፤ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ በደም ንክኪ ከኤች አይ ቪ በበለጠ ቀላል ሁኔታ ይተላለፋል። ሁሉንም እኩል ከተጠነቀቅን «እሱ አለበት ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቦታ የለውም። ጥንቃቄው ረጂውን ከበሽታ፣ ተጎጂውን ደግሞ ከመገለል ያድናል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ አሜሪካዊው የውሃ ዝላይ ስፖርተኛ ግሬግ ሉጋኒስ ሲዘል ጭንቅላቱ ከመዝለያው ሰሌዳ ጋር ተጋጨና ደማ። የቡድኑ ሐኪም ሮጦ ደረሰና ያለ ጓንት ሰፋው። ሉጋኒስ ያን ጊዜ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ግን በፍርሃት ምክንያት አልተናገረም። ውድድሩን ቀጥሎ የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ። እውነቱን ለዓለም የተናገረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ሐኪሙ ተመረመረ፤ ነጻ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የምንማረው ሉጋኒስን መውቀስ አይደለም። የሐኪሙ ጓንት ከኪሱ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ስፖርተኛው ተናገረም አልተናገረም ማንም ባልተጨነቀ ነበር።

ስለዚህ ሜዳ ላይ ደም ስታዩ እንዲህ አድርጉ፦

• ጓንት አጥልቁ። ጓንት ከሌለ ቀዳዳ የሌለው ንጹህ ላስቲክ እጃችሁ ላይ አድርጉ።
• ተጎጂው ራሱን ካወቀ ንጹህ ጨርቅ ስጡትና ቁስሉን በራሱ እጅ ይጫን። እናንተ አጠገቡ ሁናችሁ አይዞህ በሉት።
• ሳታቋርጡ 10 ደቂቃ ያህል ይጫን። «ቆመ ወይ?» እያላችሁ በየደቂቃው አትግለጡት። ጨርቁ በደም ቢርስ በላዩ ላይ ሌላ ጨምሩ።
• ጓንቱን ስታወልቁ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጡት፤ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
• ደም የነካውን ወለል 5 በመቶ ከሆነ በረኪና አንድ እጅ፣ ከውሃ ዘጠኝ እጅ ቀላቅላችሁ አጽዱት። ይህ ለዕቃና ለወለል ነው፤ ለቁስል አይሆንም!
• የሚደማ ተጫዋች ከሜዳ ይወጣል፤ ደሙ መቆሙን ዳኛው ሳያረጋግጥ አይመለስም። ይህ የእግር ኳስ ሕግ ነው።

የሌላ ሰው ደም የእናንተ ቁስል ውስጥ ወይም ዓይን ውስጥ ቢገባስ? አትደንግጡ፤ አትደብቁም። ቁስሉን በውሃና በሳሙና፣ ዓይንን በብዙ ንጹህ ውሃ እጠቡና ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቫይረሱን የሚከላከል መድኃኒት አለ። መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሆን በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ነው፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ላብ፣ ምራቅ፣ መተቃቀፍ፣ አንድ ማልያ መልበስ ግን ኤች አይ ቪን አያስተላልፍም። ጎል ሲገባ እንደፈለጋችሁ ተቃቀፉ!

ወለምታ ሲመጣ

ከደም ቀጥሎ በየሜዳው የምናየው ወለምታ ነው። ቁርጭምጭሚት ይዞርና ያብጣል። በሰፈራችን ወዲያው ምን ይደረጋል? ቅቤ ተቀብቶ ይታሻል፤ «ይግባልህ» ተብሎ ይሳባል። ይህን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አታድርጉ። ውስጥ የተቀደደ ጅማት አለ፤ እዚያ ላይ ማሸትና ሙቀት እብጠቱን ያብሰዋል።

ትክክለኛው መንገድ ጨዋታውን ማቆም፣ እግሩን ከልብ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በላስቲክ ፋሻ ደምን በማያግድ ልክ መጠምጠም ነው። በረዶስ? ለብዙ ዓመታት በረዶ ዋነኛው መድኃኒት ነበር። ዕረፍት፣ በረዶ፣ ፋሻና ከፍ ማድረግ የሚባሉትን አራቱን ሕጎች እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ዶ/ር ጌብ ሚርኪን ናቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሳቸው በረዶ ማብዛት መዳኑን ሊያዘገይ እንደሚችል ጽፈዋል። ስለዚህ ዛሬ የምንለው፦ ለሕመም ማስታገሻ ያህል፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ። ከሱቅ የገዛችሁት የቀዘቀዘ የውሃ ጠርሙስም ይበቃል። ሕመሙ ሲቀንስ ደግሞ ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ነው፤ ወር ሙሉ መተኛት ጅማትን አያጠነክርም። ሳይንስ ራሱን እንዲህ ያርማል፤ የተማረ ሰውም ራሱን ለማረም አያፍርም።

ወለምታ ይሁን ስብራት በምን ትለያላችሁ? ካናዳውያን ሐኪሞች ያወጡት ቀላል መለያ አለ። ተጎጂው አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ራሱ ሲነካ ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል።

ስለ ወጌሻም አንድ ነገር ልበል። የአባቶቻችንን ሙያ ለመናቅ አይደለም። ነገር ግን የተሰበረ እጅ ወይም እግር በቀርከሃ አጥብቆ ከታሰረ ደም ይታገዳል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው ወዲያው ይላላ፤ ልጁም ሆስፒታል ይሂድ። «ነገ እናየዋለን» በማለት ብቻ በአገራችን እጅና እግራቸውን ያጡ ልጆች አሉ።

ሁሉም ነገር አይሸከሙትም

መርካቶ ውስጥ የማይሸከሙት ነገር የለም። ፍሪጅ በጀርባ፣ ፍራሽ በራስ፣ ብረት በጋሪ ይሄዳል። ሰው ሲወድቅም የመጀመሪያው ቃላችን «አንሱት!» ነው። ሁለት ሰው ብብቱን፣ ሁለት ሰው እግሩን ይዞ ብድግ!

አንገቱን ወይም ጀርባውን የተመታን ሰው ግን እንዲህ አታንሱት። ጎል ላይ ተንጠልጥሎ የወደቀ፣ በአየር ላይ ተገልብጦ በአንገቱ ያረፈ፣ «እግሬ ደነዘዘኝ» የሚል ልጅ እሳት ወይም መኪና ካላሰጋው በስተቀር ካለበት አይነቃነቅ። አንዳችሁ ራሱን በሁለት እጅ ደግፋችሁ እንዳይዞር ያዙ፤ ሌላው ስልክ ይደውል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩን ግን ከዓመተ ምሕረቱ በፊት ያዙልኝ።

የአከርካሪ ጉዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከሻምበል አበበ ቢቂላ በላይ የሚያስተምረን የለም። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የስፖርት ሕክምና ታሪክ ነው። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የሮጠው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ነበር። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት የዓለምን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። ሲጨርስም አልተዘረረም፤ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር! በ1961 ዓ.ም. መጀመሪያ ሜክሲኮ ላይ ግን የእግር ጉዳት ስለነበረበት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ፤ ማሞ ወልዴ ወርቁን አመጣ። አሸናፊ ሰው ማቋረጥ ሲገባው ማቋረጡ ሽንፈት አይደለም፤ ይህን የምነግረው ከሕመሙ ጋር ካልተጫወትኩ ለሚል ሁሉ ነው።

በዚያው ዓመት በመጋቢት የመኪና አደጋ ደርሶበት አከርካሪው ተጎዳ፤ እግሮቹ ዳግመኛ አልሄዱም። ለሕክምና እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ። በዚያ ሆስፒታል ዶ/ር ሉድቪግ ጉትማን የተባሉ ሐኪም ስፖርትን እንደ መድኃኒት ይሰጡ ነበር፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደውም ከዚያ ነው። አበበ እዚያ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። እግሩን አጣ እንጂ ስፖርተኛነቱን አላጣም።

ልብ ሲቆም

አንድ ተጫዋች ማንም ሳይነካው በድንገት ከወደቀ፣ ሲጠሩት ካልመለሰ፣ ትንፋሹም ከሌለ ወይም እያጣጣረ ከሆነ ልቡ እንደቆመ ቁጠሩት። በሰፈራችን ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ይከበዋል፤ አንዱ ውሃ ይደፋበታል፤ ሌላው ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል። ክብሪት ልብ አያስነሳም። አንጎል ያለ ኦክስጅን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው።

ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ኮፐንሃገን ላይ ዴንማርክ ከፊንላንድ ሲጫወቱ ክርስቲያን ኤሪክሰን እንዲሁ ወደቀ። አምበሉ ሲሞን ኬር ቀድሞ ደረሰለት። ሐኪሞች ደረቱን እየተጫኑ፣ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ልቡን ሲያስነሱ ጓደኞቹ ከበው ቆሙ፤ ፊታቸው ግን ወደ ውጭ ነበር። እሱን ከካሜራና ከተመልካች ዓይን ለመሸፈን ነው። ኤሪክሰን ተረፈ፤ በዓመቱ ውስጥም ወደ ኳስ ተመለሰ። ያን ምስል ባየሁ ቁጥር እኛ በ1995 ዓ.ም. የሠራነው ክብ ትዝ ይለኛል። ሁለቱም ክብ ነው። አንዱ ጓደኛውን ይከልላል፣ አንዱ ጓደኛውን ያገልላል።

ማድረግ ያለባችሁ ይሄ ነው፦ አንዱ 907 ይደውል። ሌላው ሁለት እጁን ደራርቦ የደረቱ መሃል ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይጫን፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሲደክመው ሌላው ይቀበለው። አምቡላንሱ የመርካቶን መጨናነቅ አልፎ እስኪመጣ ድረስ የዚያ ልጅ ልብ የእናንተ እጅ ነው። ይህንን ግን በወሬ ሳይሆን ከሠለጠነ ሰው ዘንድ በአሻንጉሊት ላይ መለማመድ ያስፈልጋል። በዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ተማሪዎች ይህን በት/ቤት እንዲማሩ በሕግ ተደንግጓል። እኛስ ምን ይከለክለናል?

ከየት እንጀምር?

በአሜሪካ አንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች የስፖርት ሕክምና ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነው። እኛ ግን ያንን ሳንጠብቅ በእጃችን ካለው መጀመር እንችላለን። ባዮሎጂ ላይ ስለ ልብና ስለ ጡንቻ ትማራላችሁ። ኬሚስትሪ በረኪናውን ለምን በልኩ መበጥበጥ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችሁ ማሟሟቅን ያስተምሯችኋል። የጎደለው እነዚህን አንድ ላይ ማምጣት ብቻ ነው።

ሐሳቤ ይህ ነው። የፀረ ኤድስ ክበብና የቀይ መስቀል ክበብ ከሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ጋር ሁኑና ከየክፍሉ ሴትም ወንድም እኩል ሆነው አምስት አምስት ተማሪ ምረጡ። በሳምንት አንድ ሰዓት ተገናኙ፤ ሠልጣኝ ባለሙያ ጋብዙ። አንድ ሳምንት ደም ማቆም፣ አንድ ሳምንት ወለምታና ስብራት፣ አንድ ሳምንት የጭንቅላት ምት፣ አንድ ሳምንት ልብ። በየጨዋታው ሁለት ተረኛ ሜዳ ዳር ይቀመጥ። ቦርሳ ሳይኖር ፊሽካ አይነፋ!

ቦርሳው ውድ አይደለም፤ ለዚህ ደግሞ ከመርካቶ የተሻለ ቦታ የለም። ጓንት፣ ፋሻ፣ ጥጥ፣ ላስቲክ ፋሻ፣ መቀስ፣ ሳሙና፣ ጥቂት ንጹህ ጨርቅ። የተሰበረ እጅ ለመደገፍ ደግሞ ከየሱቁ በር የሚጣለው ወፍራም ካርቶን በቂ ነው።

ወሰናችሁንም እወቁ። የወለቀ መገጣጠሚያ አትጎትቱ። መድኃኒት አትዘዙ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የተደናገረ ወይም ያስመለሰው ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያን ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም፤ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ያያችሁትንና የሰማችሁትን የሰው ገመናም አታውሩ። ምስጢር መጠበቅም የሙያው ክፍል ነው።

ከመሃላችሁ አንዳንዱ በዚሁ ይገፋበታል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ይማር ይሆናል፤ ወይም ስፖርት ሳይንስ፣ ነርስነት፣ ሕክምና። ሌላው ነጋዴ ወይም ሾፌር ይሆናል። እሱም ቢሆን ትምህርቱ አይባክንም። መርካቶ ውስጥ በየቀኑ ሰው ይወድቃል፤ አጠገቡ ደግሞ እጁን ምን እንደሚያደርገው የሚያውቅ አንድ ሰው ያስፈልጋል።

ያቺን ሽንኩርት ሻጭ እናት በኋላ ፈልጌያት ነበር፤ አላገኘኋትም። ስሟን ዛሬም አላውቅም። ወጌሻ ተብዬ ስጠራ ግን የመጀመሪያዋ መምህሬ እሷ እንደነበረች አስባለሁ። እናንተ ከእኔ ቀድማችሁ ተማሩ። ዛሬ ከሰዓት አንድ ልጅ ቢወድቅ፣ እባካችሁ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት።

መልካም ውድድር ይሁንላችሁ።